ቆርቆሮው ለምን በረዶ መሰለ?

የሙቀት ካሜራ የተገጠመለት ድሮን ለሥነ ምድር ትምህርትና ምርምር፤ በአዲስ አበባ በጉለሌ ክፍለ ከተማ የቀረበ የሕዝብ ንግግር



ድሮን ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ የሚሄደው ወይ ወደ ጦር ሜዳ ወይ ወደ ሠርግ ቪዲዮ ነው። ይህ ንግግር የሚያነሳው ከሁለቱም ውጪ ያለ ሥራ ነው፤ በድሮን ላይ የሙቀት ካሜራ ገጥሞ መሬትን ማጥናት። መሣሪያውን ማድነቅ ለፈለገ ቪዲዮው ሞልቷል፤ እዚህ የተፈለገው ሌላ ነገር ነው። ካሜራው የሚያወጣው ባለ ቀለም ሥዕል እንዳለ የሚታመን ማስረጃ እንዳልሆነ፣ ከሥዕሉ ጋር መከራከር የተማረ ተማሪ ግን ከእሱ ብዙ እንደሚያተርፍ ማሳየት ነው ዓላማው። ንግግሩ መጀመሪያ እዚሁ ጉለሌ ጣሪያ ላይ ይቆያል። ከዚያ ወደ ስምጥ ሸለቆ ወርዶ የአሉቶን፣ የኤርታሌንና የፈንታሌን እሳተ ገሞራዎች ይጎበኛል። በመጨረሻም ወደ እንጦጦ ግርጌ ተመልሶ አንድ ትምህርት ቤት ከምን ቢጀምር እንደሚሻለው ያነሳል።

ነገሩ የተጀመረው በተራ ቴርሞሜትር ነው። እ.ኤ.አ. በ1800 ዊልያም ኸርሸል የተባለው የከዋክብት ተመራማሪ የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም በትኖ በየቀለሙ ላይ ቴርሞሜትር እያስቀመጠ ይለካ ነበር። ከቀዩ ቀለም አለፍ ብሎ፣ ዓይን ምንም በማያይበት ቦታ የተቀመጠው ቴርሞሜትር ከሌሎቹ ይበልጥ ሞቀ። ዛሬ ኢንፍራሬድ የሚባለው ጨረር የታወቀው በዚህ መንገድ ነው። ድንጋዩም፣ ውሃውም፣ የሰው ገላም ይህን ጨረር ያለማቋረጥ ይለቃሉ። በተለመደው የምድር ሙቀት ጨረሩ የሚበረታው የሞገድ ርዝመቱ 10 ማይክሮሜትር በሆነበት አካባቢ ስለሆነ፣ የሙቀት ካሜራዎች በአብዛኛው የሚሠሩት ከ8 እስከ 14 ማይክሮሜትር ባለው ክልል ነው። በድሮን ላይ ከሚገጠሙት ደህናዎቹ 640 በ512 ነጥብ አላቸው፤ ሲባዛ 327,680 ደቃቅ ሙቀት ለኪዎች ማለት ነው። እያንዳንዱ ለኪ ሲሞቅ የኤሌክትሪክ ባሕርዩ ይለወጣል፤ ካሜራው ለውጡን ወደ ቁጥር፣ ቁጥሩን ወደ ቀለም ያዞራል።

እዚህ ላይ ሻጮች ቶሎ ብለው የሚያልፉት ጉዳይ አለ። ካሜራው ጎን ለጎን ባሉ ሁለት ነጥቦች መካከል 0.05 ዲግሪ ያህል ልዩነት እንኳ ለይቶ ያያል። የእያንዳንዱን ነጥብ ትክክለኛ ሙቀት ሲናገር ግን 2 ዲግሪ፣ አንዳንዴም 5 ዲግሪ ይስታል። «ይህ ከዚያ ይሞቃል» ሲል ብዙ ጊዜ ይታመናል፤ «ይህ 23 ዲግሪ ነው» ሲል ግን ምስክር መጥራት ግድ ነው። የመጀመሪያው አባባሉም ቢሆን የሚያስኬደው ሁለቱ ነገሮች አንድ ዓይነት ሲሆኑ ብቻ ነው። ይህን ለማስተማር ከጉለሌ የተሻለ ቦታ መፈለግ አያስፈልግም።

ሰማዩ በጠራበት በታኅሣሥ ቀትር ድሮን ከሽሮ ሜዳ ወይም ከቀጨኔ ሰፈር በላይ ቢቆምና ካሜራው ቁልቁል ቢመለከት፣ ዝገት የበላው አሮጌ ጣሪያ በደማቅ ቢጫ ይወጣል። አጠገቡ ዘንድሮ የተመታው አዲስ ቆርቆሮ ግን ጥቁር ሰማያዊ ነው፤ ቁጥሩም ከዜሮ በታች። በአዲስ አበባ ቀትር በረዶ የያዘ ጣሪያ! መሰላል ይዞ የወጣ ሰው ግን ሁለቱንም ጣሪያ በባዶ እጁ ሊነካ አይደፍርም። አዲስ ቆርቆሮ የሙቀቱን ጨረር በሚገባ አይለቅም፤ መልቀቅ ከሚገባው ሩብ ያህሉን ብቻ ይለቅና በቀረው እንደ መስታወት ሰማዩን መልሶ ያሳያል። ጥርት ያለ የደጋ ሰማይ ደግሞ በኢንፍራሬድ ሲታይ እጅግ ቀዝቃዛ ነው። ሰማዩ ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ ሆኖ ቢታይና ሁለቱም ጣሪያዎች 50 ዲግሪ ቢሞቁ፣ ስሌቱ ለአዲሱ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ገደማ፣ ለዛገው ደግሞ 37 ዲግሪ ገደማ ያወጣል። ሁለቱም ንባብ ስህተት ነው፤ የአንደኛው ስህተት ግን በ60 ዲግሪ ነው።

ይህን በዓይኑ ያየ ተማሪ ከዚያ በኋላ የሙቀት ሥዕል ሲቀርብለት የሚያነሳው የመጀመሪያ ጥያቄ ስለ ቀለሙ አይሆንም። «የሚታየው ነገር ከምን የተሠራ ነው? ሰማዩስ እንዴት ነበር? ማንስ ወርዶ በእጁ ለካ?» ይላል። ደግነቱ አለት፣ አፈር፣ ቅጠልና ውሃ ጨረራቸውን ከ90 በመቶ በላይ ስለሚለቁ ከቆርቆሮ ይልቅ እውነተኞች ናቸው። የሥነ ምድር ሰው ካሜራውን የሚያምነው በዚህ ምክንያት ነው፤ እሱም በልኩ።

ንግግሩ አሁን ከጣሪያው ወርዶ ወደ ሁለተኛው ክፍል ይሄዳል፤ ከመሬት ሥር የሚመጣው ሙቀት ምን ይናገራል?

በሥነ ምድር ክፍል ውስጥ ተማሪን ከሚያስገርሙ ስሌቶች አንዱ ሙቀት በአለት ውስጥ እንዴት እንደሚንቀረፈፍ የሚያሳየው ነው። ከአለት ወደ አለት እየተላለፈ 10 ሜትር ለመሄድ 3 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ርቀቱ አሥር እጥፍ ሲሆን ጊዜው መቶ እጥፍ ይሆናል፤ ለ100 ሜትር 300 ዓመት፣ ለ1 ኪሎ ሜትር 30,000 ዓመት ገደማ። ኪሎ ሜትሮች ጠልቆ የተቀመጠ ቅልጥ አለት በዚህ መንገድ ብቻ ወሬውን ወደ ላይ ቢልክ የሚቀበለው ትውልድ ገና አልተወለደም። እንግዲያው በስምጥ ሸለቆ ውስጥ መሬቱ የሚያቃጥልበት ቦታ ሲገኝ ሙቀቱን ያደረሰው ውሃና እንፋሎት ነው፤ ውሃና እንፋሎት ደግሞ መንገዳቸው ስንጥቅ ነው። ጥሩ የሙቀት ካርታ በተዘዋዋሪ የስንጥቅ ካርታ ነው የሚባለውም ለዚህ ነው። አዲስ አበባም ከዚህ ነገር ሩቅ አይደለችም። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው የሰፈሩበት ፍል ውሃ የሚወጣው በከተማዋ ሥር በሚያልፍ ስንጥቅ ላይ ነው፤ የሥነ ምድር ባለሙያዎችም ስንጥቁን በዚያው በፍል ውሃ ስም ይጠሩታል።

አሉቶ ይህን በገንዘብ ያስተምራል። በዝዋይና በላንጋኖ ሐይቆች መካከል በቆመው በዚህ እሳተ ገሞራ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1981 እስከ 1985 ድረስ 8 ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፈሩ። በግርጌው የተቆፈሩት የመጀመሪያዎቹ እንደታሰበው አልሞቁም። ከ300 ዲግሪ በላይ የተገኘው ወደ አናቱ፣ አርቱ ጃዌ በሚባለው የስንጥቅ መስመር አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ሥራ የጀመረው፣ 7 ሜጋ ዋት ገደማ የማመንጨት አቅም የነበረው የሙከራ ጣቢያም እንፋሎቱን ያገኘው ከዚያው ነው። በኋላ የተደረጉ ጥናቶችም ጋዝና እንፋሎቱ በብዛት የሚወጣው በዚህ መስመርና በጥንቱ የእሳተ ገሞራ አፍ ጠርዝ ላይ መሆኑን አሳይተዋል። አንድ ጥልቅ ጉድጓድ ሚሊዮኖች ዶላር ያስወጣል። ቁፋሮው በሚጀመርበት ጊዜ ሙቀቱ የሚወጣባቸውን ቀጫጭን መስመሮች በሜትር ልክ የሚያሳይ ካርታ ቢኖር ኖሮ ምን ያህል ይረዳ እንደነበር መገመት አያዳግትም።

ሳተላይትስ? ላንድሳት 8 እና ላንድሳት 9 ሙቀት ይለካሉ። ነገር ግን አንዱ የሙቀት ነጥባቸው በመሬት ላይ 100 ሜትር በ100 ሜትር ይሸፍናል፤ እያንዳንዳቸው በ16 ቀን አንዴ ያልፋሉ፤ የሚያልፉትም ረፋድ ላይ፣ ፀሐይ አለቱን ማሞቅ ከጀመረች በኋላ ነው። 3 ሜትር ስፋት ያላት የእንፋሎት ጉድጓድ በዚያ ነጥብ ውስጥ ሟሙታ ትጠፋለች። በ100 ሜትር ከፍታ የሚበር ድሮን ደግሞ በተለመደ ሌንስ 9 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ነጥብ ያነሳል። በአንዱ የላንድሳት ነጥብ ውስጥ ከ1 ሚሊዮን በላይ የድሮን ነጥቦች ይገባሉ። ከሁሉ በላይ ድሮኑ ጎህ ሳይቀድ መነሳት ይችላል። ትናንት በፀሐይ የሞቀው አለት ሌሊቱን ሙሉ ቀዝቅዞ ባለቀበት በዚያ ሰዓት ሞቆ የሚታየው የምድሩ የራሱ ሙቀት ነው።

የዚህ ሥራ ምሳሌ በዓለም ላይ እየበዛ ነው። በኒውዚላንድ ዋይኪቴ በሚባል የፍል ውሃ አካባቢ ድሮን 2.2 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚሸፍን የሙቀት ካርታ ሠርቶ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ታትሟል። ኢትዮጵያ ግን ለሐሳቡ እንግዳ አይደለችም። ድሮን ገና በተማሪ እጅ ሳይገባ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ገዛኸኝ ይርጉ ከእንግሊዛዊው ክላይቭ ኦፐንሃይመር ጋር ሆነው በኤርታሌ የላቫ ሐይቅ ላይ በሙቀት ካሜራ የሠሩትን ጥናት አሳትመዋል። የሐይቁ ፊት በአብዛኛው ጠቆር ያለ ቅርፊት ነው፤ በቅርፊቱ መካከል ቀጭን ቀይ ስንጥቆች አሉ። የሚለቀቀው ጨረር ከፍጹም ዜሮ ተነስቶ በሚቆጠረው ሙቀት አራተኛ ኃይል ስለሚያድግ፣ ከጠቅላላው ስፋት ጥቂቱን ብቻ የሚይዙት ስንጥቆች ከስፋታቸው በላይ ጨረር ይለቃሉ። አማካይ ሙቀት ወስዶ ያሰላ ተማሪ ሐይቁ የሚያጣውን ኃይል አሳንሶ ይገምታል። ነጥብ በነጥብ መለካት ለምን እንደሚያስፈልግ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ የቤት ሥራ አይገኝም።

ሦስተኛው ክፍል ፈንታሌን የሚመለከት ነው፤ እዚህ ላይ ካሜራው የማይችለውንም መናገር ያስፈልጋል።

ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ምድሩ እየደጋገመ ተናወጠ። በአዲስ አበባም ፎቅ ላይ የሚኖር ሁሉ ሌሊት እየነቃ የተወዛወዘ አምፖል አይቷል። ታኅሣሥ 25 ቀን 2017 ዓ.ም. በዚያው አካባቢ ባለው በዶፈን ተራራ እንፋሎትና ጭቃ የሚተፋ ቀዳዳ ተከፈተ፤ በስልክ የተቀረጸው ቪዲዮ አገር ምድሩን አዳረሰ፤ «እሳተ ገሞራ ፈነዳ» ተባለ። የካቲት 7 ቀን መጠኑ 6.0 የደረሰ መንቀጥቀጥ ተመዘገበ። በአፋርና በኦሮሚያ ክልሎች በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቤታቸውን ለቀቁ።

በዚያ ሰሞን የሁሉም ጥያቄ አንድ ነበር፤ የሚወጣው ምንድን ነው? ድሮን ከሩቅ ተልኮ ሊመልስ የሚችለው ጥያቄ ይህ ነው። በዶፈን ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ97 ዲግሪ ገደማ ነው። በቀዳዳው ዙሪያ ያለው መሬት ከዚያ ቁጥር ሳያልፍ ከቆየ የሚወጣው የፈላ የከርሰ ምድር ውሃ ነው ማለት ያስደፍራል። ወደ ብዙ መቶ ዲግሪ ከዘለለ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ቅልጥ አለት ወይም ከእሱ በቀጥታ የሚመጣ ጋዝ ቀርቧል ማለት ነው። ማንንም ወደ ቀዳዳው አፍ ሳይልኩ ይህን መለየት ትንሽ ነገር አይደለም።

የማይችለውም አለ። የሙቀት ካሜራ በእንፋሎት ደመና ውስጥ አሻግሮ አያይም፤ የሚለካው የደመናውን ፊት ነው። ነፋስ እስኪገፋው መጠበቅ የሥራው አካል ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ ካሜራው ከመሬት በታች ምንም አያይም። በፈንታሌ ሥር ቅልጥ አለት ወደ ጎን እየሰነጠቀ መሄዱን የተናገሩት የመንቀጥቀጥ መለኪያዎችና የመሬቱን መሰንጠቅና መስመጥ ከሰማይ የለኩት የራዳር ሳተላይቶች ናቸው። በ1998 ዓ.ም. መስከረም በአፋር ዳባሁ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ምድር እስከ 8 ሜትር ሲከፈት የታወቀውም በራዳር ነበር። ፒየር ጉዊን የተባሉት ካናዳዊ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን አራት ኪሎ ላይ ካቋቋሙት የጂኦፊዚክስ ጣቢያ ጀምሮ ሲሠራበት የኖረው የመንቀጥቀጥ ምዝገባ በድሮን የሚተካ አይደለም። «ድሮን ካለ ሌላው ይቅር» የሚል ሰው ካጋጠመ በጀቱን እንዲነካ ባይፈቀድለት ይሻላል።

ሌላው ችግር የበፊቱን አለማወቅ ነው። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በኤርታሌ ሰንሰለት ደቡባዊ ጫፍ ያለው ሃይሊ ጉቢ ፈነዳ። በታሪክ የተመዘገበ ፍንዳታ ያልነበረው ተራራ ነው፤ አመዱ የአፍዴራን አካባቢ አልብሶ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ ህንድ ዘለቀ። እንዲህ ባሉ ተራሮች ላይ ዛሬ የሚነሳ የሙቀት ሥዕል ዋጋ የሚኖረው የዛሬ ሁለትና ሦስት ዓመት የተነሳ ሥዕል አጠገቡ ሲቀመጥ ነው። አዲስ ትኩስ መስመር ነው ወይስ ድሮም የነበረ? ያለ አሮጌው ሥዕል ማንም አይመልሰውም። የምርምር ገንዘብ ግን ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከፍንዳታው በኋላ ነው።

አሁን ወደ ጉለሌ መመለስ ይቻላል። እዚህ እሳተ ገሞራ የለም፤ የእንጦጦ አለት ከቀዘቀዘ 20 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኖታል። ውሃ ግን አለ። ከእንጦጦ የሚወርዱት ጅረቶች፣ ቀጨኔን ጨምሮ፣ ከአለቱ ስንጥቅ በሚወጡ ምንጮች ይመገባሉ። በኅዳርና በታኅሣሥ ጎህ ሲቀድ አየሩ 7 ዲግሪ ገደማ ሲሆን የጅረቱም ፊት አብሮ ይቀዘቅዛል፤ ከመሬት ሥር የሚመጣው የምንጭ ውሃ ግን ክረምት ከበጋ 16 ዲግሪ አካባቢ ነው። በዚያ ሰዓት ከላይ ሲታይ ምንጩ የሚገባበት ቦታ ከቀዝቃዛው ጅረት ተለይቶ ሞቆ ይወጣል። በቀትር ቢነሳ ልዩነቱ ይጠፋል ወይም ይገለበጣል። ካሜራው የሚያየው የውሃውን የላይኛውን ከሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ያነሰ ስስ ሽፋን መሆኑም መዘንጋት የለበትም።

እዚህም ክርክሩ አይቀርም። ከሰፈር የሚለቀቅ የፍሳሽ ቱቦ በዚያው ሰዓት ልክ እንደ ምንጭ ሞቆ ይታያል። ሥዕሉ ብቻውን ሁለቱን አይለይም። ተማሪው በዱላ እየተመረኮዘ ወደ ጅረቱ ወርዶ ቴርሞሜትር መክተት፣ በውሃው ውስጥ የሟሟውን ጨው መለካት፣ ካስፈለገም አፍንጫውን መጠቀም አለበት። ውጤቱ ምንጭ ከሆነ የከርሰ ምድር ውሃ ጥናት ነው፤ ፍሳሽ ከሆነም የክፍለ ከተማው ጽሕፈት ቤት ሊያየው የሚገባ ወረቀት ነው። 705 ሄክታር የሚሸፍነው የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከልም ሌላ የልምምድ ሜዳ ሊሆን ይችላል። ባሕር ዛፍና ጽድ በአንድ ተዳፋት ላይ ጎን ለጎን ቆመው የቅጠላቸው ሙቀት በቀትር ሲነፃፀር፣ እያንዳንዱ ምን ያህል ውሃ ወደ አየር እንደሚለቅ ፍንጭ ይገኛል።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ መከበር አለበት። የእንጦጦ ምንጮች አንዳንዶቹ ጠበል ናቸው። ሰው ልብሱን አውልቆ በሚጠመቅበት ቦታ ላይ የሙቀት ካሜራ ማብረር ነውር ነው፤ ፊት አይለይም የሚለው መከላከያም አያዋጣም፤ ገላ ይለያልና። የደብሩን አገልጋዮች ሳያማክሩና ሰዓት ሳይስማሙ ድሮን ማስነሳት ጥናቱንም ተማሪውንም ያስጠላል።

ከበረራው በፊት ያለውም ሥራ ቀላል አይደለም። በኢትዮጵያ ድሮን ለማስገባትም ለማብረርም ፈቃድ የሚጠየቀው ከኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ነው፤ የቤተ መንግሥትና የኤምባሲ ሰማይ ባለበት ከተማ ጥንቃቄው የሚጠበቅ ነው። ካሜራዎቹም በውጭ አገር የኤክስፖርት ቁጥጥር አለባቸው፤ በሴኮንድ ከ9 ምስል በላይ የማያነሱት ዓይነቶች ለመግዛት ይቀላሉ፤ ለማይንቀሳቀስ አለት ደግሞ 9 ይበቃል። ከፍታውም የራሱን ዋጋ ይጠይቃል። በእንጦጦ ግርጌ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነፃፀር ሩብ ያህል ስለሚሳሳ፣ ድሮኑ ባለበት ለመንሳፈፍ ብቻ ከ10 በመቶ በላይ ተጨማሪ ኃይል ይበላል። በካታሎግ ላይ የተጻፈው የበረራ ደቂቃ እዚህ አይሠራም። ዳሎል ላይ ደግሞ አየሩ ወፍራም ቢሆንም ብዙዎቹ አነስተኛ ድሮኖች ከ40 ዲግሪ በላይ እንዳይበሩ አምራቾቻቸው ያስጠነቅቃሉ፤ እዚያም ቢሆን ሥራው የንጋት ሥራ ነው።

ስለዚህ ለአንድ ትምህርት ቤት ወይም ለዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ክፍል የሚመከረው የግዢ ቅደም ተከተል ከተለመደው ይገለበጣል። መጀመሪያ አሥር ያህል ጥሩ ቴርሞሜትሮች፤ ቀጥሎ በስልክ ላይ የሚሰካ ወይም በእጅ የሚያዝ የሙቀት ካሜራ፤ ድሮኑ መጨረሻ። ካሜራውን ለመፈተን ሁለት ድስት ይበቃል። አንዱ በረዶ የተቀላቀለበት ውሃ ነው፤ 0 ዲግሪ ማንበብ አለበት። ሌላው እየፈላ ያለ ውሃ ነው፤ እዚህ ላይ ተማሪው 100 ብሎ ከጻፈ ይታረማል፤ በጉለሌ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነውና። እንፋሎቱ ሌንሱን እንዳይሸፍን ካሜራው በጎን በኩል የድስቱን የጠቆረ ገጽ ቢያይ ይሻላል፤ አዲስ የሚያብረቀርቅ ድስት ከሆነ የቆርቆሮው ችግር ተመልሶ ይመጣል።

ድሮኑ እስኪመጣ ከፍታውን የሚያበድረው ተራራው ራሱ ነው። ከእንጦጦ አፋፍ የቀጨኔ ሸለቆና የሰፈሩ ጣሪያ በሙሉ ይታያል። ከዚያ ርቀት በእጅ ካሜራ የሚነሳ አንድ ነጥብ ብዙ ሜትር ስለሚሸፍን ደቃቁ ነገር አይገኝም፤ ጫካው፣ አስፋልቱ፣ ወንዙና ጣሪያው ከምሽት እስከ ንጋት እንዴት በተለያየ ፍጥነት እንደሚቀዘቅዙ ለማየት ግን በቂ ነው። ከአንድ ቦታ፣ በየሰዓቱ፣ በአንድ ሌሊት የተነሱ ሥዕሎች ከነቴርሞሜትር ንባባቸው በአንድ መዝገብ ቢቀመጡ፣ በሚቀጥለው ኅዳር የሚመጡት ተማሪዎች የሚያነፃፅሩበት ነገር ያገኛሉ። ለድሮን ፈቃድ የሚቀርበው ማመልከቻም የበረራውን ቦታ፣ ሰዓትና ምክንያት ከዚያ መዝገብ ጠቅሶ ሊያስረዳ ይችላል።